በ27 ዶላር ከ50 ሳንቲም የተገዛው ብራና

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1946 በ27 ዶላር ከ50 ሳንቲም የገዛው ብራና ዋናው ማግና ካርታ ሆኖ ተገኘ የሚል ዜና አነበብኩ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ከ75 ዓመት በላይ ሳይታወቅ ይኖራል? ግልባጭ አለመሆኑስ በምን ተለየ? ከሃርቫርድ በፊት የማን የማን ነበር የሚባለውስ ምን ያህል ይታመናል?»

ሥራዬ የቆዩ የእጅ ጽሑፎችን ማጥናትና መመዝገብ ነው። ይህ ዜና በግንቦት 2025 የወጣ ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራሁም ማለት እችላለሁ። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ብመልስ ይታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማግና ካርታ የእንግሊዝ ንጉሥ ራሱ በሕግ እንዲገዛ ቃል የገባበት ቻርተር፣ ማለትም የስምምነት ሰነድ ነው። መጀመሪያ «ዋናው» የሚለው ቃል ይጥራ። ብዙ ሰው ማግና ካርታ ሲባል አንድ ብራና፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፊርማ ነው የሚታየው። እንዲያ አይደለም። ንጉሥ ጆን በሰኔ 1215 በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ራኒሚድ በምትባል መስክ ላይ ከመኳንንቱ ጋር ሲስማማ ምንም አልፈረመም። ማኅተም ነው የተደረገበት። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊዎች ያንኑ ቃል በብዙ ብራናዎች ላይ ጻፉት፣ በሰም ታተመ፣ ወደየቦታው ተላከ። ከ1215ቱ ዛሬ በሕይወት ያሉት አራት ናቸው። ሁለቱ በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ አንዱ በሊንከን፣ አንዱ በሳልዝበሪ ይገኛሉ።

ይሁንና የ1215ቱ ቻርተር ዕድሜው አጭር ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላው የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ሦስተኛ ሻሩት። ጆን በ1216 ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጁ ሄንሪ ሦስተኛ ነገሠ። በእሱ ስም በ1216፣ በ1217 እና በ1225 እየተስተካከለ እንደገና ወጣ። የሄንሪ ልጅ ኤድዋርድ አንደኛ ደግሞ በ1297 እና በ1300 አጸደቀው። በእያንዳንዱ ጊዜ ብዙ ብራና ተጽፏል፣ ታትሟል፣ ተልኳል። እንግዲህ «ዋና» የምንለው በንጉሡ ጽሕፈት ቤት ተጽፎ፣ የንጉሡ ማኅተም ተደርጎበት የተላከውን ነው። «ግልባጭ» የምንለው ደግሞ አንድ ጠበቃ ወይም አንድ መነኩሴ ለራሱ ጉዳይ የገለበጠውን ነው። የሃርቫርዱ ብራና የ1300ው ነው። በዚያ ዓመት ከወጡት ከሱ ሌላ የሚታወቁት ዋናዎች ስድስት ብቻ ናቸው።

በነገራችን ላይ ስሙ «ታላቁ ቻርተር» የሆነው ስለ ነፃነት ስለሚናገር ይመስለናል። ነገሩ ቀለል ያለ ነው። በ1217 ስለ ንጉሡ ደኖች የሚናገር ሌላ አነስ ያለ ቻርተር አብሮ ወጣ። ሁለቱን ለመለየት ትልቁ «ትልቁ» ተባለ። ላቲኑ «ማግና» ማለትም ይኸው ነው።

የ1300ው ለምን ወጣ? ኤድዋርድ ከስኮትላንድ ጋር ጦርነት ላይ ነበር፤ ገንዘብ አጠረው። ግብር ለመጣል ሲጠይቅ ሹማምንቱና ባላባቶቹ «አስቀድመህ ቻርተሩን አጽድቅልን» አሉት። አጸደቀ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የየአውራጃው ሹም ቻርተሩን በዓመት አራት ጊዜ በሕዝብ ፊት እንዲያስነብብ አዘዘ። አስቡት፤ ይነበብ ከተባለ የሚነበብ ነገር በእጅ መኖር አለበት። ስለዚህ ብራናው ወደየአውራጃው፣ ወደ አንዳንድ ከተሞችም ተላከ። በኬንት ያሉት ፋቨርሻምና ሳንድዊች የየራሳቸው ደርሷቸዋል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ለባለቤትነቱ ጉዳይ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። እንዴት ሳይታወቅ ቀረ?

በታኅሣሥ 1945 ይህ ብራና ለንደን ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ ቤት ለሽያጭ ቀረበ። ካታሎጉ «በ1327 የተሠራ ግልባጭ» ይለዋል። ጥቂት የተፋቀና እርጥበት የነካው ነው የሚልም ተጨምሮበታል። ስዊት ኤንድ ማክስዌል የሚባሉት የለንደን የሕግ መጻሕፍት ነጋዴዎች ገዙት። በ1946 ለሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሸጡት። የቤተ መጻሕፍቱ የገቢ መዝገብ ላይ ዋጋው እስከ ሳንቲሙ ሰፍሯል፦ 27 ዶላር ከ50። ቁጥር ተሰጠው፣ 172። ከዚያ በቃ፤ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ሰው «እንዴት አላዩትም?» ይላል። እኔ ግን በዚያን ጊዜ የነበሩትን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች መውቀስ አልፈልግም። የማግና ካርታ ግልባጭ ብርቅ ነገር አይደለምና። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ ጠበቆች የሕግ ስብስብ ጥራዝ ይዘው ይዞሩ ነበር። አንዳንዱ በኪስ የሚገባ ነው። በእነዚህ ጥራዞች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ማግና ካርታ ነው። ብዙዎቹ ዛሬም አሉ፤ ሃርቫርድ ራሱ ጥሩ ክምችት አለው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ግልባጭ ነው» ብሎ አንድ ተጨማሪ ሲያመጣ ማንም አይደነግጥም።

ካታሎግ ደግሞ ኃይለኛ ነገር ነው። አንዴ «ግልባጭ» ተብሎ ከተጻፈ የሚቀጥለው ሰው ሊያይ የሚመጣው ግልባጭ ነው። ዋናውን የሚፈልግ ሰው ያንን ቁጥር ሣጥን አያስከፍትም። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ብራናው ከፊት ተዘርግቶ እያለ ዓይን የሚያነበው ካርዱን ነው።

ስለ 1327 አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም የመካከለኛው ዘመን ሰነዶች ዓመት የሚሳሳተው በብዛት በዚህ በኩል ነው። በ1300ው ቻርተር ላይ «1300» የሚል ቁጥር የለም። ያለው «በዌስትሚንስተር፣ መጋቢት 28 ቀን፣ በነገሥን በ28ኛው ዓመት» የሚል ነው። ንጉሡም ራሱን «ኤድዋርድ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ፣ የአየርላንድ ጌታ፣ የአኲቴን መስፍን» ይላል እንጂ «አንደኛ» አይልም። ሦስት ኤድዋርዶች ደግሞ ተከታትለው ነግሠዋል፤ ከ1272 እስከ 1377፣ 105 ዓመት ሙሉ። 1327 ሦስተኛው የነገሠበት ዓመት ነው። የቱ ኤድዋርድ እንደሆነ ለመለየት ውስጡን ማንበብ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቻርተሩ ራሱ ይረዳል። ንጉሡ «የአባታችንን የንጉሥ ሄንሪን ታላቅ ቻርተር አይተናል» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከሦስቱ ኤድዋርዶች አባቱ ሄንሪ የሚባለው አንደኛው ብቻ ነው። የእሱ ዘመን የሚቆጠረው ከኅዳር 20 ቀን 1272 ስለሆነ የ28ኛው ዓመት መጋቢት 1300 ላይ ይውላል። አንድ ስሌት ናት፤ ነገር ግን ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ይፈልጋል።

ያ ሰው በታኅሣሥ 2023 መጣ። የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ዴቪድ ካርፔንተር የማግና ካርታን ግልባጮች እያጠኑ ነበር። ልብ በሉ፣ የሚፈልጉት ግልባጭ ነው። የሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት የሕግ ብራናዎቹን ፎቶ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ቤታቸው ሆነው አንድ በአንድ ሲከፍቱ ቁጥር 172 ላይ ደረሱ። ያዩት ከጥራዝ ውስጥ የወጣ ገጽ አልነበረም። አንድ ሰፊ ብራና ነበር፤ ከላይ ትልቅ የላቲን «ኢ» (E) ፊደል ያለበት፣ የመጀመሪያው መስመር ፊደላት ወደ ላይ የተሳቡ። ለሥራ ባልደረባቸው ለኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኒኮላስ ቪንሰንት ወዲያው ጻፉላቸው። እሳቸውም ተመሳሳይ ነገር አዩ።

ማየት ግን ማረጋገጥ አይደለም። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ።

ብዙ ሰው «ማኅተሙን አይተው ነዋ» ይላል። ማኅተም ከሰም የሚሠራ፣ ከብራናው ግርጌ የሚንጠለጠል ነገር ነው። ሰም ይሰበራል፣ ይረግፋል፣ ክሩ ይበጠሳል። ከ700 ዓመት በኋላ ማኅተም ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ነው የሚመረመረው።

አንደኛ መጠኑ። የሃርቫርዱ 489 በ473 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህ ከሌሎቹ ስድስት ጋር ይሄዳል። ለራሱ የሚገለብጥ ጠበቃ ይህን የሚያህል ብራና አያባክንም። ብራና ማለት እኮ የእንስሳ ቆዳ ነው። ተዘፍዝፎ፣ ፀጉሩ ተፍቆ፣ በፍሬም ላይ ተወጥሮ የደረቀ። አንዱ ገጽ ፀጉሩ የነበረበት ነው፣ ጠቆር ይላል፤ ሌላው በሥጋው በኩል ያለው ነው፣ ነጣ ብሎ ይለሰልሳል። ዋጋው ቀላል አልነበረም።

ሁለተኛ የእጅ አጣጣሉ። «ኤድዋርዱስ» ብሎ የሚጀምርበት ትልቁ «ኢ» እና የተሳበው የመጀመሪያ መስመር ከሌሎቹ የ1300 ዋናዎች ጋር ይመሳሰላል። የንጉሡ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሰነዱ ከሩቅ እንዲታወቅ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ፊደሉ ራሱ ሥልጣን ይናገራል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ቃሉ ነው። የ1300ው ቻርተር ቃል ከቀደሙት በጥቃቅን ቦታዎች ይለያል። በዚያ ዓመት ጽሕፈት ቤቱ ቃሉ አንድ ወጥ እንዲሆን ጥንቃቄ አድርጓል። ጠበቃ ሲገለብጥ ግን ቃል ይዘላል፣ ቅደም ተከተል ያዛባል፣ ከሌላ ዓመት ቅጂ ጋር ያደባልቃል። ሁላችንም ስንገለብጥ የምናደርገው ነው። ሁለቱ ምሁራን የሃርቫርዱን ከስድስቱ ጋር ቃል በቃል አመሳከሩ። እርጥበት ያደበዘዘውን ቦታ ለማንበብ የሃርቫርድ ባለሙያዎች በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በተለያየ የብርሃን ሞገድ ፎቶ አነሡላቸው። በዓይን የጠፋ ቀለም በዚህ ብርሃን ተመልሶ ይታያል፤ ላላየው ሰው ተአምር ነው የሚመስለው። ቃሉም፣ የቃላቱ ቅደም ተከተልም ገጠመ። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። መጠንን ማስመሰል ይቻላል፣ ፊደልንም እንዲሁ። አስቦበት ሳይሆን ለጥቅሙ የገለበጠ ሰው ግን በዚህ ረጅም የላቲን ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ አይወጣም።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የጣፈጠው ነው፤ የማን የማን ነበር? እኔ ሁልጊዜ ከዛሬ ተነሥቼ ወደ ኋላ ነው የምሄደው። ከጥንት ከተነሡ ታሪኩ ያምርና ሰው ይሸነግላል። ከዛሬ ሲነሡ ግን የትኛው ማያያዣ በወረቀት እንደተያዘ፣ የትኛው በግምት እንደሆነ ይታያል።

ሃርቫርድ፣ 1946፤ መዝገብ አለ። ስዊት ኤንድ ማክስዌልና ሶዝቢስ፣ 1945፤ ካታሎግ አለ። እዚህ ድረስ ጠንካራ ነው።

ለጨረታ ያቀረበው የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን ኤር ቫይስ ማርሻል ፎርስተር ሜይናርድ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የታወቀ ተዋጊ አብራሪ ነበር። በ1940 ደግሞ ጣሊያን ማልታን መደብደብ ስትጀምር በደሴቲቱ የነበረውን አየር ኃይል ይመራ ነበር። ያኔ ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረም ቢባል ይሻላል። የባሕር ኃይሉ በሣጥን አሽጎ ያስቀመጣቸውን ጥቂት አሮጌ ግላዲያተር አውሮፕላኖች አስገጣጥሞ ነው መከላከል የጀመረው። ጦርነቱ ባለቀ በጥቂት ወራት ውስጥ የቤተሰቡን ብራና ወደ ሶዝቢስ ላከ።

ሜይናርድ ከየት አገኘው? የሁለት ወንድማማቾችን ወረቀቶች ወርሷል፤ የቶማስ ክላርክሰንንና የጆን ክላርክሰንን። ይህም ጥሩ ማያያዣ ነው። እነዚህን ሰዎች ሳላስተዋውቃችሁ ማለፍ አልችልም።

ቶማስ ክላርክሰን በ1785 በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በላቲን ድርሰት ውድድር አሸነፈ። ጥያቄው «ሰውን ያለ ፈቃዱ ባሪያ ማድረግ ይገባልን?» የሚል ነበር። ለሽልማት የጻፈው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳው። ወደ ለንደን ሲሄድ ዌድስሚል የምትባል መንደር አጠገብ ከፈረሱ ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ። የጻፍኩት እውነት ከሆነ አንድ ሰው ይህን ግፍ ማስቆም አለበት አለ። በ1787 ከጓደኞቹ ጋር የባሪያ ንግድን የሚቃወም ኮሚቴ አቋቋሙ። ከዚያ ለዓመታት በፈረስ ከወደብ ወደብ እየዞረ መርከበኞችን ጠየቀ፣ እግር ብረትና ካቴና ሰበሰበ፣ ለፓርላማ ማስረጃ አቀረበ። ንግዱ በ1807 በሕግ ታገደ። ወንድሙ ጆን የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በ1792 ከኖቫ ስኮሺያ ከ1,000 በላይ ነፃ የወጡ ጥቁሮችን በ15 መርከብ ይዞ ወደ ሴራሊዮን አሻግሯል፤ የፍሪታውን ከተማ እንዲህ ተመሠረተች። የክላርክሰን ቤት ማስረጃ የሚከማችበት ቤት ነበር። አንድ አሮጌ ብራና እዚያ ሳይጣል መቆየቱ አይገርመኝም።

ከክላርክሰን ወደ ኋላ ግን መሬቱ ይለሰልሳል። ቶማስ ክላርክሰን በሰሜን እንግሊዝ ሐይቆች አካባቢ፣ በአልስዋተር ሐይቅ ዳር ቤት ሠርቶ እስከ 1804 ገደማ ኖሯል። እዚያ አቅራቢያ የላውዘር ቤተሰብ ይኖር ነበር። ዊልያም ላውዘር ከክላርክሰን ጋር ተወዳጅተዋል። ላውዘሮች ደግሞ የአፕልቢ ባላባቶች ነበሩ። አፕልቢ የዌስትሞርላንድ ዋና ከተማ፣ ትንሽ ናት፤ ግን ወደ ፓርላማ ሁለት ተወካይ ትልክ ነበር። ከዊልያም በፊት የነበረው ጄምስ ላውዘር የፓርላማ ወንበሮችን እንደ ግል ንብረቱ ነበር የሚያድለው። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ትንሹ ዊልያም ፒት በ1781 ፓርላማ የገባው አፕልቢን ወክሎ፣ በእሱ ድጋፍ ነው። እንዲህ ያለ ባላባት የከተማው መዛግብት ሣጥን ዘንድ እጁ ቢደርስ ምን ይደንቃል?

ፕሮፌሰር ቪንሰንት የደረሱበት እንግዲህ ይህ ነው፤ ብራናው በ1300 ለአፕልቢ የተላከ ነው፣ ከከተማው ወደ ላውዘሮች፣ ከላውዘሮች ወደ ክላርክሰን አለፈ። ስጦታ ነው የሚል ደብዳቤ፣ ሽያጭ ነው የሚል ደረሰኝ የዚህ መካከል ላይ የለም። የጎረቤትነት፣ የወዳጅነትና የሥልጣን ማስረጃ ነው ያለው። እኔ ካታሎጉን ብጽፍ ከክላርክሰን ጀምሮ ያለውን ያለ ምንም ማመንታት አሰፍራለሁ። ከዚያ በፊት ያለውን «ሳይሆን አይቀርም» ብዬ እጽፋለሁ። ለከተሞችም መላኩን፣ ሰዎቹ መተዋወቃቸውን፣ ብራናው እዚያ ቤት መገኘቱን ስደምር ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላየሁም። «ሳይሆን አይቀርም» የምትለውን ቃል ግን ማንም እንዳይፍቃት እለምናለሁ። በ1945 «ግልባጭ» የሚለውን የጻፈው ሰው አጠገቡ «ይመስላል» ብሎ ቢጨምር ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ከመጡት አንባቢዎች አንዱ ደግሞ ባየው ነበር።

ዋጋውን ለሚጠይቁኝም ልመልስ። የ1297ቱ አንድ ዋና ቅጂ በ2007 በዚያው በሶዝቢስ፣ ኒውዮርክ ውስጥ በ21.3 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ብራናው፣ ቃሉ፣ ላቲኑ የሁለቱም ያው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱን የፈጠረው በካርዱ ላይ የሰፈረው አንድ ቃል ነው።

ሌላ ይህን የሚመስል ቀርቷል ወይ ለሚሉኝ፣ በ2015 የሳንድዊች ከተማ ቅጂ የተገኘው ኬንት ውስጥ፣ ሜይድስቶን ባለ መዝገብ ቤት፣ በ19ኛው መቶ ዘመን በተለጠፈ አልበም ውስጥ ነው። አንድ ሦስተኛው ያህል ጎድሎ፣ እርጥበት በልቶት። ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ የሃርቫርዱ መጣ።

የሃርቫርዱን ማንም ማየት ይችላል። የሕግ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጧል፤ የእጅ ጽሑፍ ቁጥር 172 ብላችሁ ፈልጉ። በስልክ ሳይሆን በሰፊ ስክሪን ክፈቱት። መጀመሪያ ግራ ጥግ ላይ ያለውን «ኢ» ፊደል እዩ። ከዚያ ብራናውን አጉልታችሁ እርጥበቱ ወዳደበዘዘው ቦታ ውረዱና ከቃላቱ ስንቱን በዓይናችሁ ብቻ መለየት እንደምትችሉ ሞክሩ።